የሙሉብርሃን ሰላምታ

አዳማ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑኃሚን፣

የመጽሐፉን መጨረሻ ቆርጠሽ ልከሽብኛል። ሰላምታውን ከታች እጽፈዋለሁ፤ መጀመሪያ በደሉ ይነገር።

ትናንት ከምሳ በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ሞራው በተገፈፈው ዓይኔ ሳነብ ዋልኩ። ዶክተሩ በቀን ጥቂት ጥቂት ብሎኝ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ጥቂት ጥቂት የሚያስብል አልሆነም። ልጅቷ ኢፍቱ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ በጀልባ ሐይቁን ተሻገረች። አረንጓዴ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት ደረሰች። በሩን ገፋች። ገጹን ገለጥኩ። ያገኘሁት የመጽሐፉን ጀርባ ነው፤ ከልባሱ ሌላ ምንም የለም። ሰው ጉርሻ ጠቅልሎ አፍ ላይ ካደረሰ በኋላ መልሶ ትሪው ላይ እንደሚጥለው አደረግሽኝ።

አይጥ በላው እንዳትዪኝ። ሱቄን እስክዘጋ ድረስ መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ ሳከራይ የኖርኩ ሰው ነኝ። አይጥ ከጥግ ይጀምራል። የተናደደ ተማሪ ይቦጭቃል። ይህ ግን በማስመሪያ ተይዞ፣ ከስፌቱ ሥር በምላጭ የተሳበ ነው። የአስተማሪ እጅ ነው። ያንቺ እጅ ነው።

የሱቄን ደንብ እናትሽ ነግራሻለች። የመጽሐፍ መጨረሻ ለሌላ ሰው የተናገረ ሁለተኛ አይከራይም ነበር። አንድ የፖሊስ መቶ አለቃ እንኳ በዚህ ከልክያለሁ፤ እስከ ዝውውሩ ድረስ በመስኮቱ በኩል ሲለምነኝ ኖሮ ሄደ።

መጽሐፉን ለምን እንደፈለግሁት ታውቂያለሽ። እናትሽ ከዓይን ሕክምናዬ በፊት፣ «ለወጣቶች የተጻፈ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ አግኝቻለሁ፤ አንተ ግትር፣ መጨረሻውን ዕድሜህን ሙሉ ብታስብ አታውቀውም» ብላ በገዛ እጇ ጽፋ ተወራርዳኛለች። እሷማ እንደ ልማዷ የመጨረሻውን ገጽ መጀመሪያ አንብባ ነው። በዚህ ልማዷ ስንት ዘመን ተጣልተናል! እሷ «መጨረሻውን ያወቀ ሰው ረጋ ብሎ ያነባል» ትላለች። እኔ ሌብነት ነው እላለሁ።

የቆረጥሽውን ላኪልኝ። ደግሞስ እናትሽ ሙሉብርሃን ለምን አትጽፍልኝም? ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ በስልክ የማንንም ድምፅ እንደማልለይ ታውቃለች። ከጥር ወዲህ የደረሰኝ ያንቺ ጽሕፈት ብቻ ነው።

ደህና ነኝ። ሁለተኛው ዓይኔ ከፋሲካ በኋላ ይሠራል። ይህን ደብዳቤ ባቱ ለሚመላለሰው ባለ ሚኒባስ ለሰዓድ ሰጥቻለሁ።

አጎትሽ ዲበኩሉ

ባቱ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱት አጎቴ ለጋሼ ዲበኩሉ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ጎረቤትዎ ፋዲላ ጠብታውን በሰዓቱ እንደምታደርግልዎ ነግራኛለች፤ እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልዎታለች። ጎረቤቶቻችንም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ሰላም ይላሉ።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለተንኮል አይደለም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ መጨረሻውን ሳያዩ ራሳቸው እንዲጽፉት ብዬ ነው። እንዲህ ዓይነት መልመጃ አለን፤ ልጆቹም ይወዱታል። የተቆረጠው የት እንደገባ ጠፍቶኛል፤ እየፈለግሁ ነው። እስከዚያው እርስዎም እንደ ተማሪዎቼ መጨረሻውን ራስዎ ይጻፉልኝ፤ አርሜ እመልስልዎታለሁ።

እማዬ ያልጻፈችልዎ አንጓዋን ወለም ብሏት ነው። ከባጃጅ ስትወርድ ተደናቅፋ ቀኝ እጇን አሳስራለች። ምንም አይደለም፣ አይጨነቁ። የምትለውን እየነገረችኝ እኔ እጽፍልዎታለሁ።

ዓይንዎን አይሹት። አያጎንብሱ። ዶክተሩ ያለውን አይርሱብኝ፤ መናደድ፣ መጨነቅ፣ ማልቀስ ክልክል ነው። ሁለተኛውም በሰላም እስኪያልቅ እባክዎ። ፓፓያውን ከሰዓድ ይቀበሉ።

ልጅዎ ኑኃሚን

አዳማ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑኃሚን፣

መጽሐፍ ቆርጦ ማስተማር ዶሮዋን አርዶ እንቁላል መጠበቅ ነው። ይህን ለርዕሰ መምህርሽም ንገሪልኝ።

እኔን ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት እህል በረንዳ ጆንያ ስሸከም፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ጋዜጣው ሁልጊዜ ቁራጭ ነበር። ዜናው መሀል ላይ ያልቃል፤ ቀሪው የሌላ ሰው ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል። እናትሽንም ፊደል ያስቆጠርኳት በዚያው ነው። ያን ጊዜ ጉልበቴ ላይ ቁጭ ብላ «ከዚያስ? ከዚያስ ምን ሆነ?» እያለች ትነዘንዘኝ ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ቀድሞ የማንበብ በሽታ የያዛት ያኔ ይመስለኛል። ስለዚህ ቁራጭ ነገር ምን እንደሆነ አንቺ አትነግሪኝም።

ቢሆንም ፈተናሽን ወስጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገመቹ የሚባለው ልጅ ከሰዓት በኋላ መረቡን ይዞ ወደ ሐይቁ ወጣ። ጀልባዋ ባዶዋን ተመለሰች። አባትየው የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ኀዘኑ ይገድለዋል ብሎ ሰው ሁሉ ፈራ። ከዚያ ከልጁ ስልክ መልእክት ይመጣ ጀመር። «ደህና ነኝ። አትፈልጉኝ። ለአባባ ሰላም በሉልኝ።» አባትየው በዚያ መልእክት በላ፣ ጠጣ፣ ተነሥቶ ተቀመጠ። እህቱ ኢፍቱ ግን መልእክቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሰውን ሁሉ ስትጠይቅ፣ ሐይቁን ስትዞር ትከርማለች። ደራሲው አንገቴን በገመድ ይዞ ነው የጎተተኝ። ለልጆች የተጻፈ ነው ብዬ ንቄው ነበር፤ ንቀቴን አንስቻለሁ።

የእኔ ግምት ባጫ ነው። አሣ ነጋዴው። አረንጓዴ ቆርቆሮ ያለው ቤት የእሱ ነው፤ ልጁንም ስልኩንም የያዘው እሱ ነው። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት።

አሁን ስለ ሰዎቻችሁ ልንገርሽ። ሰዓድ ፓፓያውን ሲሰጠኝ፣ «የሙሉብርሃን እጅ እንዴት ሆነላት?» አልኩት።

«የምን እጅ?» አለኝ።

«የታሰረው ነዋ!»

ወደ ጎማው ጎንበስ አለ። «አዎ… እጇ። እየተሻላት ነው አባባ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ና ሻይ ጠጣ።»

«ተሳፋሪ ይጠብቀኛል» ብሎ ገባ። ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ለወትሮ ሻይ ካላጠጣሁት የሚያኮርፍ ሰው ነው።

ፋዲላም ከእሱ ብሳለች። ጠብታ ስታደርግልኝ የራሷ እንባ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። «ምን ሆነሽ?» ብላት «ሽንኩርት ስከትፍ ነበር ጋሼ» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ ስትለካ አይቻታለሁ። ባሏ አስቀይሟት ከሆነ ልጠይቀው ነው።

ሙሉብርሃንን በግራ እጅሽ ጻፊ በያት። ስድብ ካላት በእግሯም ትጽፋለች።

አጎትሽ ዲበኩሉ

ባቱ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱት ጋሼ ዲበኩሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። እማዬ በጣም በጣም ሰላም ትልዎታለች፤ «ጠብታህን አታቋርጥ» ብላለች።

መልስዎን አረምኩት። ልክ ነዎት፤ ባጫ ነው። መጨረሻው እርስዎ እንዳሉት ስለሆነ ያ የተቆረጠው ባይገኝም ምንም አልቀረብዎ። እባክዎ መጽሐፉን አሁን ያስቀምጡትና ዓይንዎን ያሳርፉ። ሌላ መጽሐፍ ልልክልዎ ነው፤ የንብ ማነብ መጽሐፍ ነው፣ ጥሩ ሥዕል አለው።

የፋዲላን ባል ምንም እንዳይሉት፤ አደራዎን።

እዚህ ቤቱ ጭር ብሏል። የፈተና ወረቀት ሳርም እውላለሁ። ከፋሲካ በኋላ፣ ዓይንዎ ካለቀ በኋላ፣ እኔው ራሴ መጥቼ ብዙ እናወራለን።

ልጅዎ ኑኃሚን

አዳማ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑኃሚን፣

ዋሽተሽኛል። ባጫ አይደለም።

ባጫ ቢሆን ኖሮ እናትሽ «ዕድሜህን ሙሉ ብታስብ አታውቀውም» አትለኝም ነበር። ባጫን እዚህ መንገድ ላይ ማስቲካ የሚሸጥ ልጅም ያውቀዋል። ደራሲው ጢሙን ያሳደገለት፣ በር ላይ ውሻ ያሰረለት፣ እኔን ለማታለል ነው። አፍሬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የንቡን መጽሐፍ ሰዓድ አድርሶልኛል፤ ለፋዲላ ልጆች ሰጠሁት።

አሁን መጨረሻውን አውቄዋለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ገመቹ ሞቷል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሐይቁ ውስጥ ነው። ስልኩን ደብቃ ይዛ መልእክቱን የምትጽፈው ራሷ ኢፍቱ ናት።

በምን አወቅህ ትዪኛለሽ። በሰላምታው ነው። ገመቹ በመጀመሪያው ምዕራፍ ከቤት ሲወጣ ደህና ዋሉ እንኳ የማይል ልጅ ነው። ከጠፋ በኋላ ግን አባቱን፣ ጎረቤቱን፣ የሰፈሩን ባጃጅ ነጂ ሳይቀር ሰላም በሉልኝ ይላል። የሞተ ሰው ሰላምታ ያበዛል፤ ሌላ የሚለው ስለሌለው ነው። ከአባቱም ጋር በየቀኑ በትምህርት ነገር ይጨቃጨቅ ነበር፤ በመልእክቱ ግን አንድም ቀን አልተከራከረም። «እሺ አባባ»፣ «ልክ ነህ አባባ» ብቻ። የጠፋ ልጅ በአንድ ጊዜ እንዴት እንዲህ ጨዋ ይሆናል? ደግሞ ምንም አይጠይቅም፤ የሚወዳት ውሻው ወለደች አልወለደች ብሎ እንኳ። ኢፍቱ ጀልባ ላይ በሆነች ጊዜ ሁሉ ደግሞ ስልኩ ዝም ነው። ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ ደራሲው አንድ ቦታ አልተሳሳተም።

ሰው እንዳይጠረጥራት ነው ከሁሉ በላይ ስትፈልግ የምትውለው። እዚያ ቤት ውስጥ የምታገኘው ወንድሟን አይደለም፤ አሣ አጥማጆቹ ከውኃ አውጥተው ያስቀመጡላትን ልብሱን ነው። ያደረገችው የአባቷ ልብ እንዳይቆም ብላ ነው።

ደራሲውን አከብረዋለሁ። ልጅቷን ግን አልወደድኳትም። አባትየው ልጁን የመቅበር መብት ነበረው። እሷ ያን ሰርቃ በምትኩ ሰላምታ ሰጠችው። ሽማግሌን እንደ ሕፃን ከረሜላ ይዞ ማባበል ፍቅር ሊባል ይችላል፤ እኔ ስድብ ነው የምለው።

ለሙሉብርሃን ይህን ሁሉ አንብቢላት። ውርርዱን አሸንፌያለሁ። መጨረሻውን ሳላይ፣ በተራው አንብቤ፣ በገዛ አእምሮዬ ደረስኩበት። የመጨረሻውን ገጽ ቀድሞ ማንበብ ሌብነት መሆኑንም አሁን ትመን። መልሷን እጠብቃለሁ፤ ረዘም አድርጋ ትበለው።

አጎትሽ ዲበኩሉ

ባቱ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱት ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እንደርስዎ ያለ አንባቢ አላየሁም። ያሉት ልክ ነው፤ ኢፍቱ ናት። ባጫ ነው ብዬ ስለዋሸሁዎ ይቅር ይበሉኝ፤ እንዲያርፉ ብዬ ነው።

ለእማዬም አንብቤላታለሁ። በጣም ሳቀች። «ተሸንፌያለሁ፤ በሁለቱም እውነትህን ነው» በይልኝ ብላለች። ከእንግዲህም መጽሐፍ በተራው ነው የማነበው ብላለች። እንደምትወድዎ፣ በየቀኑ እንደምትጸልይልዎ ንገሪልኝ ብላኛለች። ደጋግማ ሰላም ትላለች።

ዓይንዎ ሊሠራ ጥቂት ነው የቀረው። በጌታ ስም፣ ምንም ነገር አያስቡ።

ልጅዎ ኑኃሚን

አዳማ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑኃሚን፣

ሙሉብርሃን መቼ ሞተች?

ደብዳቤሽን የተቀበልኩት ፋዲላ ሱቅ በር ላይ ነው። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። «እውነትህን ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅ ቀደመኝ፤ አሸንፌያለሁና። ከዚያ ሳቄ ቆመ።

እህቴ ተወልዳ እስከ ዛሬ «እውነትህን ነው» ብላኝ አታውቅም። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብላት «ያም እኮ እንደ ወሩ ነው» የምትል ሴት ናት። ሚስቴን በቀበርኩ ቀን እንኳ የመቃብሩ ድንጋይ ጠሟል አልጠመመም ብላ ተከራክራኛለች፤ እኔም ያን ቀን የቆምኩት በእሷ ክርክር ነው። እጇ የታሰረ ሰው አፉ አይታሰርም። በውርርድ ተሸንፋ፣ ስቃ፣ እውነትህን ነው ብላ፣ ትጸልይልሃለች ተብሎ ይጻፍልኛል?

የሞተ ሰው ሰላምታ ያበዛል ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። ለሌላ ሰው መጽሐፍ እንዲህ ዓይኔ የበራ፣ ለገዛ ቤቴ ግን ዕውር ሆኜ ከረምኩ። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አውጥቼ በተራ ዘረጋኋቸው። እናትሽ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። አንድም ጊዜ አልሰደበችኝም።

ፋዲላን «ንገሪኝ» አልኳት። ሜትሩን ከእጇ ጣለችና ወደ ጓዳ ሮጠች። መልሴን ያገኘሁት ከዚያ ነው።

ሽማግሌ እንዳትልኪብኝ። ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አልፈልግም፤ ፓስተሩም ቢሆን፣ የዕድሩ ዳኛም ቢሆን። መርዶዬን ራሴ አንብቤዋለሁ። መቼ እንደሆነና የት እንዳረፈች ብቻ ጻፊልኝ። ዓይኔ የራሴ ነው፤ ባለቅስበትም ባላለቅስበትም የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ዲበኩሉ

ባቱ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ጥር 24 ቀን ነው። የእርስዎ ዓይን በተሠራ በሳምንቱ። በዋዜማው ጠዋት ደህና ነበረች፤ ቲማቲም ስትመርጥ ከገበሬው ጋር ስትጨቃጨቅ ትቻት ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት። ስመለስ አልጋ ላይ አገኘኋት። ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ልቧ ነው አሉ። በማግስቱ ማታ አረፈች። ሐይቁን ቁልቁል ከሚያየው የቤተ ክርስቲያናችን መቃብር ነው ያለችው።

አልነግርዎም ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እሷ ናት ያለችው። አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ሁለተኛው ዓይኑ እስኪበራ ድረስ ለዚያ ግትር እንዳትነግሩት። እኔ የእኔን መጨረሻ ቀድሜ አንብቤያለሁ፤ እሱ ደንቡ ስለሆነ በተራው ያንብብ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። እሺ አልኳት። ለሚሞት ሰው እምቢ አይባልም። ሰዓድንም፣ ፋዲላንም ያማልኳቸው እኔ ነኝ፤ እነሱን አይቀየሙ። ሰዓድ ሬሳዋን ከሐኪም ቤት ያመጣው በራሱ መኪና ነው። ያንን መኪና ደጃፍዎ አቁሞ ሻይ ሊጠጣ አልቻለም።

መጽሐፉን ባልልክልዎ ይጠረጥሩ ነበር፤ እሷ ቃል ገብታልዎታለች። ብልክልዎ ደግሞ መጨረሻው ያ ነው። ስለዚህ ቆረጥኩት። የተማሪዎቹ ነገር ውሸት ነው።

አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ከዚያ የፈለጉትን ይበሉኝ። ደብዳቤ በጻፍኩልዎ ቁጥር «እማዬ ሰላም ትልዎታለች» የምትለውን መስመር ስጽፍ ብቻ እዚያኛው ክፍል ያለች ይመስለኝ ነበር። ሰው ቤት ሄጄ ማልቀስ እችል ነበር፤ እርስዎ ዘንድ ግን እናቴ አልሞተችም። ስለዚህ ሰላምታዋን አበዛሁት። ለእርስዎ ዓይን ብቻ ብዬ ብናገር ይህም ውሸት ይሆናል።

ኢፍቱን አልወደድኳትም ብለው የጻፉትን ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ተማሪዎቼ ምን ሆንሽ አሉኝ። ራሴን አሞኛል አልኩ።

የቆረጥኩት ጠፍቶ አያውቅም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ይቅርታ አልጠይቅዎም፤ እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ።

ኑኃሚን

አዳማ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑኃሚን፣

ሁለተኛው ዓይኔ ተሠርቷል። ጊዜው የተላለፈው በእኔ ምክንያት ነው። ዶክተሩ «አላለቀሱም አይደል?» ሲለኝ፣ «ባቱ ሄጄ ጨርሼ መጥቻለሁ፤ አሁን ሥራህን ሥራ» አልኩት። አሁን መናኸሪያው ላይ የተጻፈውን ከበረንዳዬ አነባለሁ።

ቤታችሁ በነበርኩ ጊዜ አንድም ቃል አልተናገርኩሽም። አንቺም ገብቶሽ ምሳዬን አቀረብሽ። ለቀስተኛው ፊት ልናገርሽ ያልፈለግሁትን አሁን እጽፈዋለሁ፤ በወረቀት ሰው አይዋሽም ብዬ ስናገር የኖርኩ ነኝና። ያንንም አንቺ አፍርሰሽብኛል።

በደል ሠርታችሁብኛል። ፊደል ያስቆጠርኳት እህቴ አፈር ስትለብስ አልነበርኩም። እሷ መቃብር ውስጥ እያለች እኔ እዚህ በረንዳ ላይ ፓፓያ እየበላሁ ውርርድ አሸነፍኩ እያልኩ ሳቅሁ። ከእንግዲህ ያን ሳቅ ማንም አያነሣልኝም። እናትሽ አዛለች ማለትሽን አምኛለሁ፤ የጻፍሽልኝ ትእዛዝ አነጋገሩ የእሷ ነው። እሷም በድላኛለች። እሷን የት አግኝቼ ልክሰሳት? ከመቃብሯ አጠገብ ቆሜ ነግሬያታለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለሰችልኝም።

ፋዲላን ይቅር ብያለሁ፤ ጠብታ ባደረገችልኝ ቁጥር በእኔ ፈንታ ስታለቅስልኝ ከርማለች። ሰዓድም ሻይ ጠጥቷል። «አሁን ጠጣ፤ የምትደብቀው የለህም» ስለው፣ «አባባ፣ ስኳር ጨምሩበት፤ ዕዳችሁ የሁለት ወር ነው» አለኝ።

የላክሽውን ቁራጭ ብዙ ሰነበትኩበት። መጀመሪያ ከስታርች ሙጫ አዘጋጅቼ፣ ከስፌቱ ሥር አጣብቄ፣ የቤት ካውያ አስቀምጬበት አሳደርኩት። በደንብ ተይዟል፤ ካልነገሩት በቀር የተቆረጠ መሆኑን ማንም አያውቅም። ከዚያ ላነበው ተቀመጥኩ። ኢፍቱ በሩን ከገፋችበት ልቀጥል ጣቴን አኖርኩ። ጣቴ እምቢ አለኝ።

ኑኃሚን፣ የመጨረሻውን ገጽ መጀመሪያ አነበብኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ። አንድ ቀን እንደ እሷ ላንብብ ብዬ ነው። እዚያም ያልገመትኩትን አገኘሁ። አባትየው ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ ያውቅ ኖሯል። ልጁ ሰላም በሉልኝ የማይል መሆኑን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? አውቆ ዝም አለ። ልጅቷ ወንድሟ በሕይወት ያለ የሚመስላት መልእክቱን ስትጽፍ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ከእሷ እንዳይወስድባት ብሎ በየቀኑ መለሰላት። እናትሽ አታውቀውም ያለችኝ ይህን ነው። ውርርዱን እሷ አሸንፋለች።

አባትየው ለልጁ ያደረገውን እኔ ላንቺ አላደረግሁም። ባውቅ ኖሮም የማደርግ አይመስለኝም፤ እንዲህ ሆኜ አልተሠራሁም። አንቺም ይህን አውቀሽ ጻፊልኝ። ከአሁን በኋላ በደብዳቤሽ የሚመጣው ሰላምታ የራስሽ ብቻ ይሁን፤ አጭርም ቢሆን። ትምህርት ሲዘጋ ነይ። እናትሽ እዚህ ስትመጣ ትተኛበት በነበረው አልጋ የምትተኚበትን አንሶላ ፋዲላ አጥባለች። የእናትሽን መጻሕፍት ይዘሽልኝ ነይ፤ ልባሳቸው እንዳይለቅ በጋዜጣ ጠቅልያቸው።

በደሉን ስሙን ጠርቼ ጽፌዋለሁ፤ ይበቃል። ስትመጪ ደጃፉ ላይ እንዳትወድቂብኝ፤ እግሬን እንዳትይዢ። የመጨረሻውን ገጽ ቀድሜ ማንበቤንም ለሰዓድም ለፋዲላም እንዳትናገሪ። ስለዚህ ነገር፣ ስለ ሁሉም፣ እስክሞት ድረስ ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም። አንቺም አታንሺብኝ።

ዲበኩሉ